የጣት ዘበኛ

የሰው ጣት ስንት ጊዜ ቢታጠፍ ነው የሚያልቀው?

አያት ይህን ጥያቄ በሆዳቸው ይዘው መዞር ከጀመሩ ሃያ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። መቀስ ያልቃል። የበር ማጠፊያ ያልቃል። የስፌት መርፌ ሳይቀር ዶልዱሞ ይጣላል። ታዲያ በቀን ስድስት ሰዓት ሙሉ ፒያኖ ላይ እንደ በረዶ ሲወርድ የሚውል ጣት፣ ያውም የሥጋና የአጥንት ጣት፣ በምን ተአምር ነው የማያልቀው? አንድ ቀን ጨክነው የእጅ ሐኪሙን ጠየቁት። ሐኪሙ ሳቀና፣ ጣት ሲሠራበት ይጠነክራል እንጂ አያልቅም እማማ፣ አላቸው። አያት ይህን ከመልስ አልቆጠሩትም። የሚስቅ ሐኪም ወይ አያውቅም፣ ወይ የሚያውቀውን ደብቋል ብለው ሻርፓቸውን አጣፍተው ወጡ።

ጣቶቹ የልጅ ልጃቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሥራዋ ፒያኖ መጫወት ነው። ሆቴል ውስጥ ሰው እየበላ የምትጫወት ዓይነት አይደለችም። ሺህ ሰው ትንፋሹን ውጦ በተቀመጠበት አዳራሽ፣ ሰባ ሰው ያለው ኦርኬስትራ ከጎኗ ተደርድሮ፣ አንዲት ወረቀት እንኳ ፊቷ ሳታስቀምጥ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ሙዚቃ በቃሏ የምታወርድ ናት። አያት ግን ስለ ሙያዋ ሲጠየቁ "በእጇ ነው የምትሠራው" ብለው ያልፋሉ። ብዙ ማብራራት ዓይን ይስባል። እሳቸው ራሳቸው ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ግማሹ ሰፈር ልጅቷንም ልብስ ሰፊ ትመስለዋለች። አያት አላስተባበሉም።

ደግሞም ነገሩ የተጀመረው በስፌት ነው። አያት በጉልበታቸው ዘመን የከተማውን የሙዚቃ አዳራሽ የመድረክ መጋረጃ እንዲሰፉ ታዘዙ። የልጅቷ እናት ለሥራ ሌላ አገር ሄዳ እዚያው አግብታ ስለቀረች፣ የስድስት ዓመቷን ልጅ የሚያስቀምጡበት አልነበራቸውምና ይዘዋት ሄዱ። እሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው የከፋይ ጨርቁን በሜትር ሲለኩ፣ ልጅቷ ከመድረኩ ጥግ ፒያኖ አገኘች። ጠዋት አንድ ተማሪ ሲለማመዳት የሰማቻትን ዜማ በአንድ ጣቷ እየፈለገች፣ እየሳተች፣ እንደገና እየፈለገች ከዳር እስከ ዳር አወጣቻት። የፒያኖ መምህርቷ ከቢሮዋ ሮጣ መጣች። የልጅቷን እጅ ይዛ፣ ሊገዛ እንደታሰበ ጨርቅ ፊትና ጀርባውን እያገላበጠች፣ ይቺ ልጅ የማን ናት ብላ ጠየቀች። አያት ከመሰላሉ ላይ እንዳሉ "የኔ ናት፤ የተሰበረ ነገር ካለ እኔ እሰፋዋለሁ" አሉ።

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ትነሳባቸዋለች። በተለይ ልጃቸው፣ ማለትም የልጅቷ አጎት፣ ሳያነሳት አይውልም። የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ትዳር የሚባል ነገር ያልጎበኘው፣ ከእናቱ ቤት ኋላ ባለችው ክፍል የሚኖር፣ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲቆጣው ውሎ ማታ ቤቱን ሲያሾፍበት የሚያመሽ ሰው ነው። የእህቱን ልጅ "ጣቲት" ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። እናቱን ደግሞ "የጣት ዘበኛ" ብሎ ሾማቸው።

ሹመቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ጣቲት ሽንኩርት አትከትፍም፤ ቢላ አለው። ልብስ አታጥብም፤ መጭመቅ አለው። የጠርሙስ ክዳን አትከፍትም፣ ምስማር አትመታም፣ ከኳስ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ አትቆምም። ከሁሉም በላይ ግን የቤቱ በር ነው። የውጭ በሩ አሮጌ የብረት መቀርቀሪያ አለው። ጠባዩ ክፉ ነው፤ ሲገፉት እምቢ ይልና ሲተዉት ተስፈንጥሮ ጣት ይነክሳል። አያትን ሁለት ጊዜ ነክሷቸዋል። ስለዚህ ልጅቷ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያንን ብረት ነክታው አታውቅም። ከሁለት አገር ሽልማት ይዛ የመጣች ሴት ከገዛ ቤቷ ለመውጣት "እማዬ፣ ልወጣ ነው" ብላ መጣራት አለባት። አያት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ይመጣሉ፣ ብረቱን ይስባሉ፣ በዚያው ደግሞ በልተሻል ወይ፣ ጓንት ይዘሻል ወይ፣ ዜማው መሐል ላይ ቢጠፋብሽስ የሚሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ደፉ ላይ ያራግፋሉ። አጎቷ ይህን የድንበር ኬላ ብሎታል።

መምህርቷ አሥራ አንድ ዓመት አስተማረቻት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝታ ባሕር ተሻገረች፤ ሰባት ዓመት ቆየች። በየእሑዱ ስትደውል አያት የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነበር፦ በልተሻል? ጓንት አድርገሻል? እዚያ በር የሚከፍትልሽ ሰው አለ? ውድድር ገብታ አንድ ጊዜ ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ አንደኛ ወጣች። አያት ሁለተኛውን የበለጠ ወደዱት፤ አንደኛን ሰው ይጠላዋል። ከዚያ ኮንሰርቱ መጣ። ሻንጣ፣ አውሮፕላን፣ የማታውቀው ከተማ፣ የማታውቀው ፒያኖ፣ ጭብጨባ፣ ተመልሶ ሻንጣ። ሌላው ሙዚቀኛ መሣሪያውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ፒያኖ ተጫዋች ግን እንደ እንግዳ ነው፣ የቀረበለትን ነው የሚበላው። አንዱ ፒያኖ ይቀላል፣ አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ያኮርፋል። ጣቲት በሄደችበት ሁሉ ሄዳ ሄዳ የምትመለሰው ግን ወደ አያቷ የስፌት ክፍል ነው። እዚያ ከአንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት የተገዛው የግድግዳ ፒያኖና የአያት የስፌት መኪና ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ቆመዋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ያለፈው ዓመት መገባደጃ ላይ የቀኝ እጇ ጅማት አበጠ። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ፒያኖ አትንኪ አላት። ሦስት ኮንሰርት ተሰረዘ። አያት "አላልኩም?" የምትለዋን ቃል አንድ ሙሉ ቀን በጥርሳቸው ይዘው ዋሉ፤ ለእሳቸው ይህ ቀላል ጀግንነት አልነበረም።

ታዲያ ጥፋት የሚጀምረው ሰው ሲያዝን ነው። ልጅቷ ለእጇ ሕክምና ወጥታ ሳለ አያት ስፌታቸው ላይ ተቀምጠው አሰቡ። የዛሬ ሦስት ዓመት ጉልበታቸውን ሲያማቸው መካኒኩ የስፌት መኪናውን ፔዳል አላልቶላቸው ነበር። ፔዳሉ ሲላላ ጉልበቱ ተሻለው። ለጉልበት የሆነ ለጣት የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ምንም የለም። በማግስቱ ልጅቷ ለሕክምና ስትወጣ ፒያኖ ቃኚውን ጠሩት።

ፒያኖ ቃኚው ጭንቅላቱ የተመለጠ፣ ቃል የሚቆጥብ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጣ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ የሚውል ሰው ነው። አያት ፒያኖውን አቅልልልኝ ሲሉት፣ ይህን ያለው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ ነው አያት የሳቱት። "እሷ ናት። ልትነግርህ አፍራ ነው" አሉት።

ቃኚው የልጅቷን ስም ሲሰማ ጥያቄ አላበዛም። ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ላይ የሚያስሩትን ዓይነት የእርሳስ ብረት ጥፍር እያሳከለ ቆረጠና ከየቁልፉ ፊት ሥር በመቆንጠጫ አሰረው። ፊቱ ከባድ ሲሆን ጣት ብዙ ሳይገፋው ይወርዳል። አያት እርሳስን ያውቁታል፤ የዚያ መጋረጃ ጫፍ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ውስጡ የሰፉት እርሳስ ነው። እናም ሰማንያ ስምንቱ ቁልፍ ላይ እርሳስ ሲታሰር ጨርቅ ሲተኮስ እንደሚያዩ ደስ እያላቸው አዩ። ቃኚው ሲወጣ አንድ ነገር አሳሰባቸው፦ ሁለት ወር ብቻ፣ ከዚያ እጇ ይሰንፋል። እሺ አሉት። እሺ ማለት ምን ገዷቸው።

ስድስቱ ሳምንት አልቆ ጣቲት ፒያኖዋ ላይ ስትቀመጥ አያት ከበሩ ኋላ ሆነው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። አንድ ጊዜ ወረደች፣ አንድ ጊዜ ወጣች፣ ቆመች። ደግሞ ወረደች። ከዚያ ተነስታ መጥታ አያቷን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እጇ ተመልሷል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይፈጥናል። ይህን የሚያህል ባለሙያ ሆና እንዴት አልጠረጠረችም ይባል ይሆናል። ሰው መጥፎ ዜና ሲመጣበት ያገላብጣል እንጂ የምሥራችን ማን ይመረምራል? አያትም ያንን ደስታ ከአንገታቸው ላይ ለማውረድ አልጨከኑም። ነገ እነግራታለሁ አሉ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር፣ ሁለቱ ወር አምስት ወር።

በአምስተኛው ወር ትልቁ ጥሪ መጣ። ያው አያት መጋረጃውን የሰፉለት አዳራሽ፣ ያው መድረክ፣ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር። ከሕመሟ በኋላ የመጀመሪያዋ ኮንሰርት ናት። በከተማው "እጇ አልቆላታል" የሚል ወሬ ይዞር ስለነበር ሰው የሚመጣው ሙዚቃውን ብቻ ሊሰማ አይደለም፤ እጇን ሊያይ ነው። ኮንሰርቱ ስምንት ቀን ሲቀረው ለመጀመሪያው ልምምድ ወጣች። አያት በሩን ከፈቱላት፣ ጥያቄያቸውን አራገፉባት፣ እሷም እየሳቀች ሄደች።

እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ አልሳቀችም። ኮቷን ሳታወልቅ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ የሰው ዕቃ ይመስል ታያቸው ጀመር። የአዳራሹ ፒያኖ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ሃያ ደቂቃ እንደተጫወተች ክንዷ እንደ ድንጋይ ከበደ፤ ፈጣኑ ቦታ ላይ ጣቶቿ እርስ በርስ ተጠላለፉ። የኦርኬስትራው መሪ ምንም አላለም። ዝም ማለቱ ከስድብ ባሰባት።

"እጄ አልዳነም እማዬ" አለች። "ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ለአዳራሹ ኃላፊ ደውዬ አልችልም እላቸዋለሁ። ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

አያት አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ቃል ግን "ሾርባ ላሙቅልሽ?" የሚል ነበር።

ሾርባው ተሞቀ፣ ቀረበ፣ ቀዘቀዘ። አያት ክር ሊገዙ እንደሚወጡ ተናግረው በቀጥታ ወደ ቃኚው መሥሪያ ቤት ገሰገሱ። ቤቱ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ ጥርሳቸው የወለቀ ፒያኖዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ቃኚው አንድ ክር ላይ ጆሮውን ደቅኖ ስለነበር በእጁ ቆዩኝ አላቸው። ቆዩት። የሚጨነቅ ሰው ቆሞ እያለ አንድ ድምፅ አሥር ጊዜ ሲመታ መስማት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ክሩ ሲስማማለት አያት የመጡበትን ነገሩት። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ ነገ ልጅቷ ስትወጣ መጥቶ እርሳሱን በጸጥታ ይንቀልላቸው፤ ያየም የሰማም የለ።

ቃኚው መቃኛውን አስቀመጠ። "እሷ አታውቅም እንዴ?" አለ።

አያት ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

"እማማ፣ በድብቅ ብነቅለው ምን የሚሆን ይመስልዎታል? ዛሬ የአዳራሹ ከበዳት። ነገ ደግሞ የገዛ ቤቷ ፒያኖ ይከብዳታል። ያኔ መቶ ሐኪም ቢምል አታምንም፤ እጄ ሞቷል ብላ ፒያኖውን ትዘጋዋለች። እጇ እኮ ድኗል። የሰነፈው ጉልበቱ ነው። ይህን ማወቅ ያለባት ግን ከእርስዎ ነው።"

አያት፣ አንተ ብትነግራትስ ብለው ሞከሩ፤ የባለሙያ ቃል ይከበራል ብለውም አሞገሱት። እሱ ግን ሙገሳውን እንዳልሰማ ሆኖ፣ ስምንት ቀን ይበቃት ይሆን ብለው ሲጠይቁት ብቻ ራሱን አከከ። ሊበቃ ይችላል፣ ላይበቃም ይችላል። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር ግን ተስፋው ይቀንሳል።

አመሻሹ ላይ ተስፋቸውን ልጃቸው ላይ ጣሉ። እሱ ለነገር አፍ አለው፤ በቀልድ ለውሶ ሊነግራት ይችላል። ታሪኩን ሲሰማ ማንኪያውን አስቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሰማንያ ስምንት ቁልፍ፣ ደግሞ በጥፍር ልክ፣ ደግሞ በእሷ ስም። ከዚያ የእናቱን ፊት አየና ሳቁን አቆመ።

"ጣቲት የምትደውለው ሦስት ሰዓት ላይ ነው" አለ። "አንቺ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትነግሪያታለሽ። እኔ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ፣ ተመስገን።"

ጠዋት እንዳለውም ወጣ። እንዲያውም ሩብ ሰዓት ቀድሞ።

ጣቲት የአዳራሹን ኃላፊ ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሻይዋን እያማሰለች ነበር። ስኳር አልጨመረችበትም፤ ዝም ብላ ነበር የምታማስለው። አያት አንድ ጊዜ ገብተው ዳቦ አመጡ። ሁለተኛ ገብተው ቢላ አመጡ። ሦስተኛ ገብተው ዳቦውን መልሰው ወሰዱት። የግድግዳው ሰዓት ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሲል ባዶ እጃቸውን ገቡና ቆሙ።

"ጣትሽ አይደለም" አሉ። "እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"ፒያኖውን አቀለልኩት። ለቃኚው አንቺ ያልሽ አስመስዬ ነግሬው፣ እርሳስ አሰረበት። ሁለት ወር ብቻ ብሎኝ ነበር። የሰነፈው ጉልበቱ ነው እንጂ እጇስ ድኗል ብሏል። ራሱ ነው ያለው፣ ጠይቂው።"

ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አያት ጩኸት ጠበቁ፤ ጩኸት ቢመጣ የሚመልሱትን ሌሊቱን ሲያዘጋጁ ነው ያደሩት። የመጣው ግን ጥያቄ ነበር።

"ስንት ነው?"

"ሰማንያ ስምንቱም።"

"እሱን አይደለም። አንዱ ስንት ግራም ነው?"

ይህን አላዘጋጁም። በጣታቸው ጥፍራቸውን አሳዩ። ጣቲት ተነሳች፣ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባች፣ የፒያኖውን ፊት አነሳች፣ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ አንዷን እርሳስ ከመቆንጠጫዋ አላቅቃ መዳፏ ላይ አስቀመጠቻትና ክብደቷን እየመዘነች ወደ ላይ ወደ ታች አደረገቻት።

"የዚያን ቀን አንገትሽ ላይ አለቀስኩ" አለች። "በዚህች ነበር ማለት ነው።"

አያት አንድ ነገር ማለት ስላለባቸው፣ ጣት ያልቃል ብዬ ፈርቼ ነው አሉ። ፔዳሉን፣ ጉልበታቸውን፣ መካኒኩን ጨመሩበት። ሲናገሩት ለራሳቸውም ሞኝነት መሰላቸው። ጣቲት አልሳቀችም፤ የከንፈሯ አንድ ጥግ ግን ትንሽ ተነቃነቀ፣ መልሳም ያዘችው። ስልኩን አነሳች። የደወለችው ለአዳራሹ ሳይሆን ለቃኚው ነበር።

ቃኚው ምሳ ሳይደርስ መጥቶ ሰማንያ ስምንቱንም ነቀለ። ጣቲት እርሳሱን በሙሉ ሰብስባ አያት የልብስ ቁልፍና መርፌ በሚያስቀምጡባት ቆርቆሮ ውስጥ አፈሰሰችው። ከዚያ ፍርዷን ሰጠች። ሰባት ቀን ሙሉ፣ በኮንሰርቱ ቀን ከቤት እስክትወጣ ድረስ፣ አያት ስለ ጣት አንዲት ቃል አይናገሩም። አይጠይቁም፣ አይመክሩም፣ አይቃትቱም። አጎቷ ማታ ይህን ሲሰማ ቅጣቱ ከሕግ በላይ ነው፣ ይግባኝ በይ ብሎ እናቱን መከራቸው።

እነዚያን ቀናት አያት በምን እንዳሳለፏቸው እግዜር ይወቅ። ልጅቷ ለሃያ ደቂቃ ትጫወታለች፣ አሥር ደቂቃ ታርፋለች፤ አጎቷ የሰጣትን፣ የአውቶብስ ሹፌሮች ተራቸውን የሚቆጥሩበትን ሰዓት ፒያኖው ላይ አስቀምጣ በእሱ ትመራለች። ሲጀመር ጨዋታዋ ሰው ቁምሳጥን በደረጃ ሲያወጣ ይመስል ነበር። አንድ ቦታ አለች፣ ቀኝ እጅ እየሮጠ ወርዶ ግራው የሚቀበልባት። እዚያ ስትደርስ ሁሌ ትሰናከላለች። አያት ከስፌታቸው ሆነው ያቺን ቦታ በሩቅ ያውቋታል፤ ስትቃረብ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ይቆማል፣ ትንፋሻቸው ይቆማል፣ ልጅቷ ትስታለች፣ ሁለቱም እንደገና ይጀምራሉ። "እጅሽን አሳርፊው" የምትል ቃል እስከ ጥርሳቸው መጥታ ትመለሳለች። በአራተኛው ቀን አንድ ሙሉ ጃኬት እጅጌውን ገልብጠው ሰፉ።

በአምስተኛው ቀን ያቺን ቦታ ከአምስት ሙከራ ሁለቴ አለፈቻት። በስድስተኛው ከአምስቱ ሦስቴ። ሁለተኛው ልምምድ ደረሰ፤ ሄዳ መጣች። እንዴት ነበር ብሎ መጠየቅ አይቻልም። አያት ሾርባ አቀረቡ። ልጅቷ ጠጣችና ሳህኑን መልሳ ዘረጋች። ሁለተኛ ሳህን ጠጣች። አያት ወደ ማድቤት ገብተው ማሰሮውን አቅፈው ጥቂት ቆሙ። በሾርባ መተንበይ ይቻላል ያላቸው ማንም የለም፤ እሳቸው ግን ተነበዩ።

በዋዜማው ጣቲት የኮንሰርት ቀሚሷን ይዛ ወደ ስፌት መኪናው መጣች። ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ ሐሩ ከመጠን በላይ ቀላል ነው። ስትራመድ ጫፉ እየተነሳ እግሯ ላይ ይጠመጠማል።

"ክብደት ይፈልጋል" አለችና ያቺን ቆርቆሮ ወደ አያቷ ገፋ አደረገቻት።

አያት ከፈቱት። ከልብስ ቁልፎቹ መሐል አሥራ ስድስት እርሳስ ለቀሙ፣ ጠርዙን ፈቱ፣ በየስንዝሩ አንድ አንድ እየከተቱ በእጃቸው ሰፉት። ስለ ጣት አልተወራም። ሥራው ሲያልቅ ልጅቷ ለብሳ ክፍሉ ውስጥ ዞረች፤ ጫፉ እንደ መጋረጃው ቀጥ ብሎ ወረደ። አጎቷ በሩ ላይ ቆሞ፣ እንግዲህ እርሳሱ ቦታውን አገኘ፣ እኛ ቤት ጥፋት እንኳ አይጣልም አለ። ሦስቱም ሳቁ። አያት ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር ከሳምንት ወዲህ፤ ሳቁ አለቅጥ ረዘመባቸውና ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

የኮንሰርቱ ቀን ከሰዓት በኋላ አጎት የሥራ ልብሱን ለውጦ ቀድሞ ሄዷል፤ ለአያት የያዘላቸው ወንበር ከመድረኩ ሩቅ ነው። እሳቸው ዘግይተው ነው የሚሄዱት፣ ወይም አይሄዱም፣ ገና አልወሰኑም። ጣቲት ከክፍሏ ወጣች። ቀሚሷን በቦርሳ ተሸክማለች፣ ጫማዋን በሌላ ቦርሳ። አያት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወደ በሩ መጡ። ጥያቄዎቹ በሙሉ ምላሳቸው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፦ በልተሻል፣ ጓንት፣ መሐል ላይ ቢጠፋብሽስ። ቅጣቱ የሚያበቃው ደፉን ስታልፍ ነው። ዋጡት። ጓንት ትሁን ምን አንዷ ጉሮሯቸው ላይ ቀረች።

እጃቸው ግን የሃያ አምስት ዓመት ልማዱን አልረሳምና ወደ መቀርቀሪያው ሄደ። ብረቱ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ልጅቷን አዩ። ቆማ እየጠበቀች ነበር፤ በሩ እንዲከፈትላት ግን አልነበረም የምትጠብቀው። አያት እጃቸውን መለሱና ጀርባቸው ላይ አድርገው በሌላው እጃቸው ያዙት፣ እንዳያመልጥ።

ጣቲት ሁለቱንም ቦርሳ ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ቀኝ እጇን ብረቱ ላይ አሳረፈች። እምቢ አላት። ትከሻዋን ጨመረችበት። መቀርቀሪያው እየጮኸ ተሳበ፣ ሊነክስም ተስፈነጠረ፤ ጣቷን ግን በጊዜ አንስታው ነበር። በሩ ተከፈተ። ዞር ብላ አያቷን አየቻቸው፣ ከዚያ ደፉን አልፋ ወጣች።